በጡጫ የሚበራ መብራት

መምህርት የሺዓለም አሮጌ ሰማያዊ መኪናዋን ራሷ እየነዳች ናዝሬትን የምታቋርጥ፣ ለማንም የማትሽቆጠቆጥ ሴት ነበረች።

የመኪናዋ የፊት መብራት ግን ክፉ አመል ነበረው። ሲጠፋ ባሏ አብተው ይወርድና በጡጫ ነረት ያደርገዋል፤ ይበራል። ሰፈርተኛውም ይህን እንደ ጥገና ቆጥሮት ነበር። አንድ እሑድ አመሻሽ ላይ ከቆቃ ሲመለሱ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ገባና መብራቱ ድርግም አለ። ከፊት የመጣ የጭነት መኪና ለጥቂት ሳታቸው። ሦስቱ ልጆቿ ከኋላ ሲጮኹ የሰማችው ጩኸት ከጆሮዋ አልወጣም። መለዋወጫ በከተማው ታጣ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ፀሐይ ሳትጠልቅ መኪናውን ግቢ አስገብታ ትቆልፋለች።

ታዲያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የቀድሞ ተማሪዋ ጉደታ፣ አሁን የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ደጇ መጣ። የቀበሌውን የኪነት ቡድን ልጆች ለበዓል ወለንጪቲ አድርሳ ማታውኑ እንድትመልስ አዘዛት።

«መብራቱ አይታመንም፤ አልሄድም» አለችው።

አብተው ደንግጦ ተነሣና መብራቱን ነረተው። በራ።

«ይኸው ሠራ!» አለ ጉደታ።

«በጡጫ የበራ በጉድጓድ ይጠፋል።»

«ጓድ የሺዓለም፣ ይህን እምቢታሽን አብዮቱ አይረሳውም!»

ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ ዘረጋችለት። «እንግዲያው እንካ! የራስህን ልጆች ከኋላ አሳፍርና ንዳው።»

«ልጆቼንማ በዚህ አላሳፍርም!» አለ ሳያስበው።

የሺዓለም ቁልፉን መልሳ ጨበጠችው።

«የኪነት ልጆቹስ እናት የላቸውም?»