ከጉልበት በታች የተቆረጠ

ድንጋይ ጠራቢ ነበር። ወገቡ እምቢ ሲለው መዶሻውን ሰቀለና አባቱ ወደ ተዉለት ቁራሽ መሬት ገባ። መሬቲቱ ከመጥበቧ የተነሳ ታላቅ ወንድሙ፣ «ላም ብታስርባት ጭራዋ ጎረቤት ያድራል» እያለ ይስቅበት ነበር። ግጦሽ የሚባል ነገር ስለሌለው በእርከኑ ጫፍና በድንበሩ ዙሪያ የመኖ ቁጥቋጦ ሊተክል ቆረጠ። ቅጠሉ ገንቢ ነው፤ ከጭድ ጋር ተቀላቅሎ ሲሰጥ ላምን ያወፍራል፣ ወተቷንም ይጨምራል ብሎ የግብርና ሠራተኛው ነግሮታል።

የዚህ ተክል ዘር ልባሱ እንደ ድንጋይ ስለሆነ ሳይዘራ በፊት የፈላ ውሃ ይፈስበታል። ይህን ደጃፉ ላይ ሲያደርግ ወንድሙ አየው። ከዚያ ወዲያ የሰፈሩ ሰው ስሙን ረሳው።

«ቀቅሎ ዘሪው! ጨው ጨምርበት እንጂ!»

የሚሉሽን በሰማሽ ገበያ ባልወጣሽ ብሎ አለፈው፤ ቂሙን ግን ሆዱ ውስጥ አስቀመጠው።

ቁጥቋጦው በቀለ፤ ከሰው ቁመትም አለፈ። አቆራረጡ ሕግ ነበረው። ጠዋት ጠዋት ማጭዱን ይዞ ይወርድና እግሩን ከግንዱ ጎን አስጠግቶ፣ ከጉልበቱ በላይ ያለውን ብቻ ይቆርጣል። ከዚያ በታች ከተነካ፣ በተለይ በበጋ፣ ጉቶው አያቆጠቁጥም። ግንባሯ ነጭ የሆነችው ላሙ፣ ቦራ፣ በዚያ ቅጠል ቤቱን ይዛ ቆመች። ሚስቱ ስታልባት፣ «ይቺ ካንተ ትሻላለች፤ እሷ ቢያንስ አታኮርፍም» ትለው ነበር።

ከዚያ ዝናቡ ቀረ። ሜዳው እንደ መላጣ ራስ ተገለጠ። አረንጓዴ ነገር የሚታየው እሱ ድንበር ላይ ብቻ ሆነ። አንድ ጠዋት ወንድሙ ጎረቤቶቹን አስከትሎ ደጁ ላይ ቆመ።

«ስማማ፣ በሬዎቼ ሊያልቁብኝ ነው። የእነዚህም እንደዚያው። ትንሽ ቅጠል ብትሰጠን…»

«ስሜ ማን ነው?» አለ ሰውየው ከወንበሩ ሳይነሳ።

ወንድሙ መሬት መሬት አየ። ከዚያ አባታቸው ባወጡለት ስም ጠራው።

ይህን ቃል ለዓመታት ሲጠብቅ ኖሯል። አብሯቸው ወርዶ፣ እዚህ ላይ ቁረጡ፣ ይህን ተዉ ማለት ነበረበት። ግን ልቡ አበጠ። ሲስቁበት ለኖሩ ሰዎች ማጭድ ይዞ ማጎንበስ አስጠላው። እጁን ብቻ ወደ እርሻው ወረወረ።

«ግቡ፤ ቁረጡ!»

«ኧረ ውረድና አሳያቸው» አለችው ሚስቱ ቀስ ብላ።

«ቅጠል መቁረጥ የሚያቅተው ሰው አለ እንዴ?»

ሰዎቹ ክፋት አልነበረባቸውም። ዕድሜ ልካቸውን ሣር ያጨዱ ናቸው፤ ሣር ደግሞ ጎንበስ ተብሎ ከሥሩ ነው የሚታጨደው። እንደ ለመዱት አጨዱ፣ መረቁት፣ ሄዱ። ወደ ማታ ሲወርድ ድንበሩ ሁሉ ቁርጭምጭሚት የማያክል ጉቶ ሆኖ ጠበቀው። የጮኸው ጩኸት ሚስቱን ከጓዳ አስወጣት።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለችና ተመልሳ ገባች።

ጉቶዎቹን በየቀኑ እየዞረ ቅርፊታቸውን በጥፍሩ ይፍቅ ጀመር። መጀመሪያ ውስጣቸው እርጥብ ነበር፤ በኋላ ግን ጥፍሩ ሥር የሚቀረው ደረቅ ትቢያ ሆነ። ጭዱም አለቀ። ቦራ ከብዳለች፤ ለመውለድ ተቃርባለች፤ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ደጃፉ ላይ ከተኛችበት መነሳት አቃታት።

ወንድሙ ሰምቶ እየሮጠ መጣ። በሆዷ ሥር ጆንያ አሳልፈው ከግራና ከቀኝ ያዙ።

«በል ሳብ! ብድግ በይ እናቴ፣ ብድግ!»

ላሟ ተንቀጠቀጠች፣ የኋላ እግሯን ለመትከል ሞከረች፣ ተመልሳ ቁጭ አለች።

«ምነው ያን ቀን አንዲት ቃል ብትነግረን?» አለ ወንድሙ ላቡን እየጠረገ። «አፍህን ማን ያዘው?»

«ተወኝ ጋሼ።»

ከቤቱ ጀርባ ለዘር ብሎ ያጠረው አንድ ቁጥቋጦ ቀርቷል። ፍሬው ገና እሸት ነው፤ እስኪደርቅ ቢታገሠው ድንበሩን እንደገና ይተክልበታል። በዚያ አካባቢ ሌላ ዘር ያለው የለም። ማጭዱን አንስቶ ሲዞር ሚስቱ ፊቱ ቆመች።

«እሱን ከቆረጥክ ለከርሞ ምን ልንዘራ ነው?»

«እሷ ከሞተች ከርሞ ምን ያደርግልናል?»

«በልታም ላትነሳ ትችላለች።»

«አውቃለሁ።»

መንገዱን ለቀቀችለት። ቅጠሉንም፣ ለጋ ቅርንጫፉንም፣ እሸት ፍሬውንም ገፈፈው። ቦራ አንገቷን ዘርግታ ከእጁ በላች፤ እስከ መጨረሻው እፍኝ በላች። ጆንያውን እንደገና ይዘው ሳቡ። አልተነሳችም።

«ሌላ የለም?» አለ ወንድሙ።

«የለም።»

ላሟ ወደ ጎኗ ማዘንበል ጀመረች። በጎኗ የተዘረረች ላም ሆዷ ተነፍቶ ትሞታለች፤ እሱም ይህን ያውቃል። ከኋላዋ መሬት ላይ ተቀመጠና ጀርባውን ለጀርባዋ አስደግፎ በእግሩ የቤቱን ግድግዳ ገፋ። የተጎዳው ወገቡ እንደ ቢላዋ ወጋው። ከቆይታ በኋላ የጥጃው መንፈራገጥ በአጥንቷ በኩል ተሰማው።

ወንድሙ ቅጠል ፍለጋ ወደ ማዶ ሄደ። ማዶም ቅጠል እንደሌለ ሁሉም ያውቃሉ። ሚስቱ በጣሳ ውሃ ይዛ መጥታ የላሟን አፍ አራሰች፤ ከዚያ እሱን አየችው።

«ፀሐዩ ሊገድልህ ነው፤ ትንሽ ጥላው ሥር ግባ።»

«ከተነሳሁ ትወድቃለች» አላት።