በፊልም የተጨፈረበት ሙሾ

ፅጌ በሲዳማ ምድር፣ ሐይቅ ዳር ካለች ከተማ ሆቴሎች በአንዱ አንሶላ ታጥብ ነበር። የምትጸልይበት የጴንጤዎች ጸሎት ቤት በደርግ ከታሸገ ወዲህ ምእመናኑ በየቤቱ ተደብቀው ሲሰበሰቡ መዝሙር የምታወጣላቸው እሷ ነበረች። በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ግን ለብሔራዊ ውትድርና የሄደው አንድያ ልጇ ሙሴ ሰሜን ጦር ግንባር ላይ ወደቀ። መርዶው ከመጣ ወዲህ ድምጿ አልተሰማም።

ሐዘኗ ሳይበርድ ከአዲስ አበባ የፊልም ሰዎች መጡ፤ ሪፐብሊኩ ሊመሠረት ነውና የየብሔረሰቡ ባህል ይቀረጽ ተብሎ። የቀበሌው ሊቀመንበር ደበሌ የከተማዋን ሴቶች ሰብስቦ ቆዳ አስለበሳቸው፤ ቅቤ አስቀባቸው። አብዛኞቹ እንዲህ ያለ ልብስ ያዩት በአያቶቻቸው ላይ ነው።

«እኔ ሐዘንተኛ ነኝ ጋሼ ደበሌ፤ ይተዉኝ» አለችው ፅጌ።

«እምቢ ካልሽ ፀረ አብዮት ነው የምትባይው። ተደብቃችሁ የምትጸልዩትም ይነሣል።»

ካሜራው ፊት ቆመች። አፏን ስትከፍት የመጣላት የልጇ ሙሾ ብቻ ነበር። በሲዳምኛ ስሙን እየጠራች፣ አፈር የሚያለብሰው ወገን ማጣቱን እየነገረች አወረደችው። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ። ፊልም ቀራጩ ታምሩ ግን ቋንቋውን አያውቅምና ደስ አለው።

«ግሩም ድምፅ ነው። ምን እያለች ነው?» ሲል ደበሌን ጠየቀው።

ደበሌ ሲዳማ ነው፤ አንድ ቃል አላመለጠውም።

«የመኸር ዘፈን ነው» አለ። «ጎተራው ሞላ እያለች ነው።»

ፊልሙ አዳራሽ ውስጥ ሲታይ የፅጌ ፊት ብልጭ ብሎ ጠፋ። በድምጿ ግን ሌላ ቦታ የተቀረጹ ወጣቶች እየዘለሉ ጨፈሩበት። ተራኪው በሚያምር አማርኛ፣ ተረስቶ የኖረው ሕዝብ በአብዮቱ ያገኘውን ደስታ በዜማ እንደሚገልጽ አስረዳ። ባለሥልጣኖቹ አጨበጨቡ። ሲዳምኛ የሚሰሙትም ግራ ቀኝ አይተው አጨበጨቡ።

በማግስቱ ፅጌ ቀበሌ ሄደች።

«የልጄን ስም ብቻ ከፊልሙ ላይ ያስጠፉልኝ።»

ደበሌ ቀና ብሎ አላያትም። «ፊልሙ በየክፍለ ሀገሩ ተበትኗል እኮ፤ ማን ይመልሰዋል? እውነቱ ቢታወቅ ደግሞ አንቺም እኔም አንተርፍም።»

ምእመናኑም ለመንግሥት ዘፈነች ብለው ፈሯት፤ የሚሰበሰቡበትን ቤት መንገር ተዉ። በዓል በመጣ ቁጥር ቀበሌው የፊልሙን ዘፈን በድምፅ ማጉያ ይከፍታል፤ ሙሴ እየተጠራ ወጣቱ ይጨፍራል። ሲዳምኛ የማታውቀው የሥራ ባልደረባዋ ደብሪቱ ከልብስ ማስጫው ማዶ ትጣራለች፦

«ፅጌ፣ ያንቺ ዘፈን መጣ።»

«አዎ» ትላታለች።