ኅዳር ላይ የነቀልኳት ችግኝ

ትናንት ኅዳር ሲታጠን፣ አያት ሰፈር ያለው ኮንዶሚኒየማችን ውስጥ የቆሻሻው ጭስ በመስኮት ገባ። ልነሳና ልዘጋው አሰብኩ፤ ግን ደክሞኝ ነበር። በየዓመቱ በዚህ ቀን እንዲህ ይደክመኛል። ምክንያቱን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለአንቺ ለጓደኛዬ ግን ልንገርሽ።

የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ እናቴና እኔ ገርጂ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። አከራያችን ጡረታ የወጡ የአውሮፕላን ጥገና ሠራተኛ ነበሩ፤ ጋሼ እላቸው ነበር። ከሩቅ ደሴት የመጣ የሥራ ባልደረባቸው ሦስት የዛፍ ፍሬ ሰጥቷቸዋል። ዛፉ ከዚያች ሞቃት ደሴት በቀር የትም አይበቅልም፤ እዚያም ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ስሙን ነግረውኝ ነበር፤ ረሳሁት፣ ያሳፍራል። ሁለቱ ፍሬዎች አፈር ውስጥ ቀሩ፣ አንዷ በቀለች።

ጋሼ ለችግኟ የላስቲክ ቤት ሠሩላት። ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ውስጡ እርጥብ አፈርና የሞቀ ላስቲክ ይሸት ነበር። አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ላስቲኩ ይርገበገባል። ሲመሻሽ አሮጌ ብርድ ልብስ ይደርቡላታል። እናቴ «የኛን ጣሪያ ማስጠገን አቅቷቸው» እያለች ትስቅ ነበር። ለእሳቸው ግን ቀልድ አልነበረም። «ፍሬ ከሰጠችኝ ወደ አገሯ እልክላቸዋለሁ» ይሉ ነበር።

በዚያ ኅዳር ዓይናቸውን ሊታከሙ ሆስፒታል ሲገቡ አደራ አሉኝ። «በሳምንት አንዴ ብቻ አጠጪያት። ብርድ አትወድም፤ ቅጠሏ ቢረግፍ እንዳትደነግጪ።»

ረገፈ። ያሉኝን ረሳሁት ብል ውሸት ነው፤ ግን እንዲህ ባዶ እንጨት ትሆናለች ብዬ አላሰብኩም። ኅዳር አሥራ ሁለት ጠዋት እናቴ «ግቢውን ጥረጊ፣ የደረቀውን ሁሉ አውጪ» አለችኝ። ሰፈሩ በሙሉ ቆሻሻ እያቃጠለ ነበር። ፈተና ደርሶብኛል፤ ቶሎ ጨርሼ ማጥናት ፈለግኩ። ነቀልኳትና ጉልበቴ ላይ ሰበርኳት።

ውስጧ አረንጓዴ ነበር። እርጥበቷ መዳፌን ነካው። ቆሜ ቀረሁ። እናቴ ስትጠራኝ እሳቱ ውስጥ ጣልኳት።

ጋሼ በሳምንቱ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኖ ተመለሱ። በቀጥታ ወደ ላስቲክ ቤቱ ሄደው ውስጡን በእጃቸው ዳበሱ፤ ችግኟን አጧት።

«ደርቃ ነበር?»

«አዎ ጋሼ፣ እስከ ሥሯ።»

ባዶው የላስቲክ ቤት አጠገብ ተቀመጡ። «ከመሄዴ በፊት ውሃ አብዝቼባታለሁ» አሉ። ቢቆጡኝ ኖሮ እውነቱን እናገር ነበር ብዬ አስባለሁ። አልተቆጡም። ዛሬ በሕይወት የሉም፤ እኔም ሳልነግራቸው ቀረሁ።

በማግስቱ ለባልደረባቸው ደብዳቤ እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ። እሳቸው በአማርኛ ይነግሩኛል፣ እኔ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ።

«ጥፋቱ የኔ ነው በይ» አሉ።

ጻፍኩት።

«የቱ ጋ ልፈርም፣ የኔ ልጅ?»

እጃቸውን ይዤ ቦታውን አሳየኋቸው።