ሽማግሌ በታክሲ አይሄድም

ማክሰኞ ዕለት አንዲት ጎልማሳ ሴትዮ ወደ መለዋወጫ ሱቄ መጣችና በሶፍት የጠቀለለችውን ነገር ባንኮኒው ላይ ፈታችው። መካኒኳ ናሙና አስይዞ ልኳት ነው። የካምቢዮ የኋላ ጎማ ነበር። ከካምቢዮው ወጥቶ የኋላ እግር የሚያዞረው ረጅም ብረት ላይ ተቀምጦ ዘይት እንዳይፈስ የሚይዘውን ቀለበት ማለቴ ነው፤ መካኒኮች ኦይል ሲል ይሉታል። ጠርዙ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እንደ ልማዴ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። የካምቢዮ ዘይት አንዴ ያሸተተ ሰው አይረሳውም፤ ድኝ ላይ ነጭ ሽንኩርት ያረረበት ይመስላል።

ሴትዮዋ "ምነው፣ የለም እንዴ?" አለችኝ። አለ ብያት ወደ መደርደሪያው ዞርኩ፤ ዓይኔ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ ለጎማ ቀለበት ማልቀስ! ሰው ቢያይ ምን ይላል?

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ቦሌ ሚካኤል፣ ጋሽ ተፈራ ጋራዥ እሠራ ነበር። ከጋራዡ ጎን ጋሽ ሙሄ የተባሉ የወሎ ሰው ጨርቅ ይሸጡ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ሱቁን የምትጠብቀው ልጃቸው ዘሃራ ናት። እኔም እጄን ልታጠብ እያልኩ በቀን አምስት ጊዜ በዚያ በር አልፋለሁ። ጋሽ ተፈራ "እንዳንተ እጁ የጠራ መካኒክ አዲስ አበባ ውስጥ የለም" እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

ሁለት ክረምት እንዲህ አለፈ። ሱቁ ሲዘጋ እስከ ሩዋንዳ ሰፈር እሸኛታለሁ፤ ከዚያ ታክሲ ይዛ ጉርድ ሾላ ቤቷ ትገባለች። በነሐሴ፣ መንገዱ ጭቃ ብቻ ሲሆን፣ አንድ የበቆሎ ጥብስ ለሁለት ሰብረን እየፈለፈልን እንሄድ ነበር። ወፍራሙን ወገን ሁልጊዜ ለእሷ እሰጣለሁ፤ ያልነቃች መስላ ትቀበለኛለች። ጭቃው ጫማዋን ይዞ ሲያስቀርባት በአንድ እግሯ ቆማ ትስቃለች። ያንን ሳቅ ለመስማት ብዬ ሆን ብዬ በጭቃው በኩል የወሰድኳት ጊዜም አለ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ታዲያ አንድ የደሴ ነጋዴ ሽማግሌ ላከባት። በእኛ ወግ የመጀመሪያው ሽማግሌ "እስቲ እንምከርበት" ተብሎ ይመለሳል፣ ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውን ያለ መልስ መስደድ ግን ነውር ነው። የሰውዬው ሦስተኛ ሽማግሌ እሑድ ከስድስት ሰዓት በኋላ እንዲመጣ ቀጠሮ ተያዘ። ዘሃራ ጨነቃትና ስለ እኔ ለእናቷ ነገረቻት። እናትየውም ባሏን ስታባብል ሰንብታ፣ በመጨረሻ ጋሽ ሙሄ የእኔ ሰዎች በዚያው እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት እንዲመጡ ፈቀዱ። ሰዎቹን ከወደዱ ቃላቸውን ለእኛ ይሰጣሉ፤ ከቀረን ለደሴዎቹ።

ከሽማግሌዎቼ አንዱ አጎቴ ይማም ነበሩ። አሮጌ ነጭ መኪና ነበረቻቸው፤ በቆመችበት ሁሉ ዘይት ታንጠባጥባለች። የጋሽ ሙሄ ግቢ ደግሞ ሊሾ ሲሚንቶ ነው፣ ሲታጠብ መስታወት ይመስላል። የመካኒክ ሽማግሌ ዘይት አንጠባጥቦ ሄደ ቢባል ሞቼ ነው የማድረው። ስለዚህ ያቺን የካምቢዮ የኋላ ጎማ ልቀይር ተነሳሁ።

ቅዳሜ መኪናዋን ጉድጓዱ ላይ አቆምኳት። የጠቆረውን አሮጌ ዘይት ከሥር ከፍቼ በሙሉ በባልዲ አወረድኩት። ረጅሙን ብረት ፈትቼ ሳብኩ፤ አሮጌውን ቀለበት በካቻቪቴ ፈልቅቄ አወጣሁ፤ ቦታውን ቤንዚን በነካ ጨርቅ ጠረግኩ። የአዲሱን ጠርዝ ግራሶ ቀብቼ፣ እንጨት ደግፌ፣ ዙሪያውን በመዶሻ መታ መታ እያደረግኩ አስገባሁት። እንደዚያ የጠራ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ጋሽ ተፈራ ጎንበስ ብለው አዩልኝ። "ጎበዝ፤ ዘይቱን ሳትሞላ ግን እንዳትነሳ" አሉኝና ወደ ቤታቸው ሄዱ።

የዘይቱን ጣሳ ለማውረድ እጄን ስዘረጋ ከማዶው ሱቅ "ከማል፣ ስልክ!" ተባለ። ዘሃራ ነበረች። በሹክሹክታ ነበር የምታወራው። "አባዬ ልቡ ወዳንተ ነው፤ ብቻ እንዳያረፍዱ" አለችኝ፤ ሌላ ምን እንዳለችኝ አላስታውስም።

ከስልኩ ስመለስ እግሬ መሬት አይረግጥም ነበር። ዕቃዬን ሰበሰብኩ፣ መኪናዋን ለአጎቴ አስረከብኩ፣ ፀጉሬን ልስተካከል ሄድኩ። አግቢ ከሽማግሌ ጋር አብሮ አይሄድ፤ ፀጉሬን ማን ሊያየው እንደሆነ እንጃ። እሑድ ጠዋት አጎቴ ቤት ደርሼ ከመኪናዋ ሥር ተንበረከክሁ። አንዲት ጠብታ የለም። "ጋሼ፣ ይዩት፣ ደረቅ ናት!" አልኩ። ወላሂ ኮራሁ። ምን ይፍሰስ? ውስጧ ምን አለና!

ሦስቱ ሽማግሌዎች በካፊያው ወጡ። አጎቴ መሪውን ያዙ። ከኋላ ነጭ በነጭ የለበሱ የመስጊዳችን ሼህና ጎረቤታችን ጋሽ ግርማ ተቀመጡ። ጋሽ ግርማ ክርስቲያን ናቸው፤ ለሽምግልና ግን ሰፈሩ ውስጥ እሳቸውን የሚያህል አልነበረም። እናቴ ዱዓ አድርጋ ሸኘቻቸው።

ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ጋሽ ግርማ በታክሲ ብቻቸውን ተመልሰው መጡ። መኪናዋ መገናኛን አለፍ ብላ ስትጮህ ስትጮህ ቆይታ ቀጥ ብላለች። ዕቃዬን ይዤ አብሬያቸው በረርኩ። መንገድ ላይ ነው ትዝ ያለኝ። ዘይቱ! ቆሌዬ ተገፈፈ። ለጋሽ ግርማ ግን ትንፍሽ አላልኩም።

ስንደርስ አራት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ጉርድ ሾላ ከዚያ በእግር እንኳ ቅርብ ነው። ሚኒባሶቹ "ጉርድ ሾላ፣ ጉርድ ሾላ" እያሉ በአጠገባችን ያልፋሉ።

"ልጄ፣ በዚሁ ታክሲ እንሂድ" አሉኝ ጋሽ ግርማ።

"ሽማግሌ በታክሲ? ምን ይሉናል፣ ጋሽ ግርማ? አሥር ደቂቃ ብቻ ስጡኝ።"

አጎቴም "ሙያው ነው፣ ያውቃል፤ እንጠብቀው" አሉ። አምነውኝ! ሼሁ የነጭ ጀለቢያቸውን ጫፍ ሰብስበው ከአንድ ሱቅ ጣሪያ ሥር ተጠለሉ። እኔ ማደያ ሮጬ ዘይት ገዛሁ፣ ጭቃው ላይ ተጋድሜ ሞላሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ሳላፈስ ነው የምለቅመው። ካምቢዮው ግን ነክሶ ይዟል፤ ማርሹ ወዲያም ወዲህም አይልም። በየመሃሉ "ትንሽ ነው፣ ትንሽ ነው" እላለሁ። ረሳሁት ብዬ ብናገር ኖሮ ጥለዋት ይሄዱ ነበር። እፍረቱ ያዘኝ። ዘሃራን ያህል ሰው እየጠበቀችኝ የፈራሁት ሦስት ሽማግሌ እንዳይታዘበኝ ነበር። ጋሽ ግርማ በመጨረሻ ክንዴን ይዘው ከሥሯ ሲያወጡኝ ከስድስት ሰዓት አልፏል። በታክሲ ሄዱ።

የሆነውን ማታውኑ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። የደረሱት ጋሽ ሙሄ የደሴዎቹን ሽማግሌዎች በር ላይ ሲሸኙ ነው። ሽማግሌ ለሽማግሌ በወጉ ሰላም ተባብለው ተላለፉ። ጋሽ ሙሄ የእኛዎቹን ጥርት ባለው ሊሾ ላይ ተቀበሏቸው፤ አልተቆጡም። "እስከ ስድስት ሰዓት ጠበቅኳችሁ፤ አሁን ቃሌ ከአፌ ወጥቷል" አሉ። ግቡና ምሳ ብሉ ብለው ለመኗቸው። ሽማግሌ የመጣበት ሳይሞላ አይበላምና ሳይቀምሱ ተመለሱ።

ሰኞ ጋራዥ ስገባ የዘይቱ ጣሳ እንደታሸገ መደርደሪያው ላይ ነበር። ጋሽ ተፈራ እኔን አዩ፣ ጣሳውን አዩ፣ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ወሩ ሳያልቅ ኒካሁ ታሰረ፤ ዘሃራ ደሴ ገባች። የጨርቅ ሱቁን ወንድሟ ያዘው። እኔም እጄን ቤት እየታጠብኩ መምጣት ጀመርኩ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ጉርድ ሾላ ታክሲ ስጠብቅ ከፊቴ መጥታ ቆመች። ባሏ ሥራውን ወደ አዲስ አበባ አዙሮ ስለነበር ተመልሳ ነበር። ሁለት ልጆች ይዛለች። እኔም አግብቼ ወልጃለሁ። ስለ እናቶቻችን ጤና፣ ስለ ኑሮው ተጠያየቅን። ከዚያ ልጆቿን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ፣

"ከማል፣ ለምን ከጠዋቱ በታክሲ አልመጡም?" አለችኝ።

መኪናዋ ተበላሽታ ምናምን ብዬ ጀመርኩ።

"እሱንማ ሰምቻለሁ። እኔ ከጠዋት ጀምሬ መስኮት ላይ ነበርኩ። ታክሲ በቆመ ቁጥር እነሱ ናቸው እል ነበር። መኪና አልጠበቅኩም እኮ።"

ታክሲያቸው መጣ፣ ልጆቿን አሳፍራ ሄደች።

አምና ዘሃራ ታማ ሞተች። ለቅሶው ላይ ሦስቱንም ቀን ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጥኩ። ለሰው ያሳየሁት ሐዘን እንደ ማንኛውም ጎረቤት ሐዘን ሆኖ ነበር፤ ቤቴ ስገባ ነው ያበደው። ሚስቴ ደግ ሴት ናት፤ ማን እንደሞተ ጠየቀችኝ፣ የድሮ ሰፈር ሰው አልኳት። አሁንም ስለ እሷ የሚያወራኝ ሰው የለም፤ ጋሽ ግርማም፣ አጎቴም ካለፉ ቆይተዋል። ብቻዬን ሱቅ ውስጥ ስቀመጥ ያንን ጠዋት እንደገና አስኬደዋለሁ፤ ጭቃው ላይ ቆሜ፣ እጄን አውጥቼ፣ ታክሲ አስቆምላቸዋለሁ።

በሦስተኛው የለቅሶ ቀን የዘሃራ ባል ሰውን እያመሰገነ ሲዞር እኔ ጋ ደረሰ። ጨዋ ሰው ነው፤ ዓይኑ በለቅሶ አብጧል። እጄን በሁለት እጁ ይዞ፣

"ሦስቱንም ቀን አየሁህ፤ አላህ ይስጥልኝ። በምን ነበር የምትተዋወቁት?" አለኝ።

"ከአባቷ ሱቅ ጎን እሠራ ነበር" አልኩት።