የፖስተኛው ሙሉ አድራሻ

ቢሮ ውስጥ «ፖስተኛው» ነው የምንለው። ሃያ ዓመት ደብዳቤ ሲያድል ኖሮ፣ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ሲጠፋ፣ በሃምሳ ዓመቱ ኮድ መጻፍ ተማረ። የሦስት ወር ሙከራ ተሰጥቶት አጠገቤ ተቀመጠ። ሙከራውን ካለፈ ይቀጠራል፤ ካልሆነ በዚያ ዕድሜው ማን ይወስደዋል?

አንድ ነገር ግን አልገባው አለ፤ የፋይል አድራሻ። የአንድ ክሊኒክ የራጅ ምስሎች የሚታዩበት ድረ ገጽ እየሠራን ነበር፤ ኮዱ ምስሎቹ የት እንዳሉ ማወቅ አለበት። «‹ሁለት ፎልደር ወደ ላይ፣ ከዚያ ምስሎች› ትይኛለሽ፤ ከየት ተነስቼ ልቁጠር?» ይለኛል በቀን አሥር ጊዜ። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረብኝም።

«ኧረ ጋሼ! ከኮምፒውተርህ ጀምረህ ሙሉውን ጻፈውና ገላግለኝ!» አልኩት።

ደስ አለው። ሙሉ አድራሻ ለሱ ነፍሱ ነው።

የሙከራው የመጨረሻ ቀን፣ ሥራ አስኪያጇ ድረ ገጹን በራሷ ኮምፒውተር ከፈተችው። ስም አለ፣ ቀን አለ፣ ራጅ የለም። ባዶ ሳጥን ብቻ። ለካ አድራሻው ሁሉ የሚነሳው ከሱ ኮምፒውተር፣ ከሱ የግል ፎልደር ነው፤ እሷ ጋ ያ ፎልደር ከየት ይምጣ!

«ማነው እንዲህ ጻፍ ያለህ?»

«ስህተቱ የኔ ነው» አለ፣ ወደኔ ዞር እንኳን ሳይል። አፈ ጮሌዋ እኔ ጫማዬን ማየት ጀመርኩ። እሷም «ከሰዓት ውሳኔዬን እነግርሃለሁ» ብላ አሰናበተችን።

ወንበሩ ላይ ተመልሶ የጻፋቸውን አድራሻዎች አንድ በአንድ አነበበ። «አንዴ ሰፈር ፈርሶ ሰዉ አንድ ላይ ሌላ ቦታ ሄደ» አለኝ በኋላ። «በቤት ቁጥር የተጻፈው ደብዳቤ ሁሉ ተመለሰ። ‹ከልብስ ሰፊው ቀጥሎ› የሚለው ግን ደረሰ፤ ልብስ ሰፊውን ፈልጌ ሳገኘው ጎረቤቱም እዚያው ነበር።»

ኮዱ መጀመሪያ ራሱ ያለበትን ፎልደር እንዲያገኝ፣ አብረውት የሚገለበጡትን ምስሎችም ከዚያ ተነስቶ እንዲፈልግ አደረገው። «በኔ ኮምፒውተርማ ሁሌም ይከፈታል፤ ባንቺ ሞክሪው» አለ። ሞከርኩት። የጎድን አጥንቶቹ ፍንትው ብለው ታዩ።

ከዚያ በኋላ መቀመጥ አላስቻለኝም። ሥራ አስኪያጇ ጋ ገብቼ የተስተካከለውን አሳየኋትና «ሙሉውን ጻፍ ያልኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ገላመጠችኝ። ቢሆንም የቅጥሩን ወረቀት ፈረመች።

ስመለስ «ለምን አላጋለጥከኝም?» ብዬ ጮህኩበት፤ ጥፋተኛ መቼም ቁጣ አያልቅበትም።

«ሃያ ዓመት የሰው ደብዳቤ ተሸክሜያለሁ» አለ። «አንድም ቀን ከፍቼ አላውቅም።»