የጭቃ ትምህርት ቤት

የትናየት ተወልዳ ያደገችው ዳባት ዙሪያ ነው። ጎንደር ኮሌጅ ገብታ መምህርነት ከተማረች ወዲህ ሥራዋ ሒሳብ ማስተማር ሆነ፤ መጀመሪያ አዲ አርቃይ ቆላው ላይ፣ ኋላ ደባርቅ ከተማ። ክፍሏ ውስጥ ልጆቹ በአንድ ዴስክ ላይ አራትም አምስትም ሆነው ይጨናነቃሉ። ከኋላ ላሉት ሰሌዳው አይታያቸውም፤ እሷም የብዙዎቹን ስም ሳታውቅ ዓመቱ ያልቃል። ያኔም ይደክማት ነበር። ያ ድካም ግን የጉሮሮና የእግር ስለነበር አድሮ ይለቃታል። ኋላ የመጣባት ድካም እንዲያ አልነበረም።

ነገሩ የጀመረው አገር ሰላም አጥቶ ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ ነው። ባሏ ፀጋው የፓርክ ጠባቂ፣ ስካውት የሚሉት፣ ስለሆነ ውሎ አዳሩ በአብዛኛው ተራራው ላይ ሳንቃ በር ነበር። እሷ ከልጇ ከምስክር ጋር ቤት ውስጥ ተቀምጣ፣ የጎረቤት ልጆች ሥራ ፈትተው መንገድ ላይ ሲውሉ ስታይ አላስችል አላት። ወደ ሊማሊሞ በሚወስደው መንገድ ዳር አክስቷ ያወረሷት ሰፊ ግቢ ነበራት። ልጆቹን ሰብስባ እዚያ አስገባቻቸው። ጠመኔ የለ፣ ሰሌዳ የለ። ያለው አንድ የፈረሰ የዶሮ ቤት ነው።

«እስቲ እሱን እንሥራው» አለቻቸው።

ልጆቹ በገመድ ለኩ፤ ስፋቱ ላይ ተጣሉ፤ ድንጋዩ ይበቃል አይበቃም ተባባሉ። ክፍል ውስጥ አንድ ቀን እንኳ እጇን አውጥታ የማታውቅ ልጅ «ጎኑና ጎኑ እኩል አይደለም፤ ጣሪያው አይገጥምም!» እያለች ከወንዶቹ ጋር ስትከራከር የትናየት ቆማ አዳመጠቻት። ዓመታት አስተምራት እንዲህ ዓይነት ድምፅ እንዳላት አታውቅም ነበር። ቀጥለው ድንች ሲተክሉ መደቡን እኩል እየከፋፈሉ ክፍልፋይ ተማሩ። ወደ ቤታቸው ከመሄዳቸው በፊት ደግሞ የሠሩትን ይጽፋሉ፤ የጻፉትንም ለጓደኞቻቸው ያነብባሉ።

ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ አንዳንድ ወላጆች «እባክሽ ቀጥይበት» አሏት። እሷም ልቧ እዚያው ቀርቶ ስለነበር የመንግሥት ሥራዋን ለቀቀች። ፈቃድ አወጣች፤ አናጢውን አለነን የእጅ ሥራ መምህር አድርጋ ያዘች፤ ቀስ በቀስ እስከ ስምንተኛ ክፍል አደረሰችው። ጠዋት እንደማንኛውም ትምህርት ቤት መጽሐፍ ነው። ከሰዓት በኋላ ጠዋት የተማሩትን በእጃቸው ይሠሩታል። ሌላ ምሥጢር የለውም። ከተማው ግን «የጭቃ ትምህርት ቤት» አለው፤ ስሙም በዚያው ጸና።

ወሬው ከወፍጮ ቤት ጀመረ። እህል ልታስፈጭ ተራ ስትጠብቅ አንዲት ሴትዮ ጠጋ አለቻት።

«ልጆቹን ድንጋይ እያሸከምሽ ቤትሽን ታሠሪያለሽ አሉ። እውነት ነው?»

«የሠሩት የራሳቸውን ሽንት ቤት ነው፣ እህቴ። እኔ የምኖርበት ቤት ተሠርቶ ያለቀው ገና ሳላገባ ነው።»

ሴትዮዋ «እንዲያ ነው?» ብላ ራሷን ነቀነቀች። በሳምንቱ የትናየት ያንኑ ጥያቄ ከሌላ ሰው ሰማችው፤ መልሷ ከወፍጮ ቤቱ በር አላለፈም ነበር።

አባ ገብረ ሚካኤል ደግሞ በመልካም ልብ ነበር የጠየቋት። ከቅዳሴ ስትወጣ ጠርተው፣ መስቀል አሳልመው፣ ቀስ ብለው «ልጄ፣ ለመሆኑ ፊደል ይቆጥራሉ?» አሏት።

«ይቆጥራሉ አባ። ዳዊት የሚደግሙም አሉን።»

«እንግዲያው ጭቃው ለምን አስፈለገ?»

የትናየት ፈገግ አለች። «እርስዎስ ጉባኤ ቤት ሳሉ ጎጆዎን ማን ሠራልዎ?»

«እኔው ነኛ! ዕንጨቱን ከዱር አምጥቼ፣ ሣሩን አጭጄ።»

«እንግዲያው እርስዎም ተምረውበታል።»

«ኧረ እሱማ ችግር ነው እንጂ መቼ ትምህርት ሆነ!» ብለው ሳቁ። እሷም ሳቀች። ተሳስቀው ተለያዩ፤ አባም ነገሩ እንዳልገባቸው ቀሩ።

ከሁሉ ያደከማት ግን ከአዲስ አበባ አንድ ድርጅት ልኮት የመጣው ወጣት ነው። ካሜራውን አንጠልጥሎ ግቢውን ዞረና «ዋው! እንዴት ደስ ይላል! ፈተና የለ፣ መጽሐፍ የለ፣ ልጆቹ ነጻ ናቸው!» አለ።

«ፈተና አለ» አለችው። «መጽሐፍም አለ። ትናንት የማባዛት ሠንጠረዥ ያልያዙትን ከጨዋታ ሰዓት አስቀርቼ ሳስጠና ነበር።»

ወጣቱ የቀለደች መስሎት ከልቡ ሳቀ። መጻሕፍቱን አውጥታ ብታሳየውም ፎቶ አላነሣቸውም። ጭቃ ሲያቦኩ የነበሩት ልጆች ሊታጠቡ ሲነሡ ግን «አትታጠቡ፣ አትታጠቡ፣ እንደዚሁ ሁኑ!» ብሎ እጃቸውን ብቻ ፎቶ አነሣና ሄደ። የትናየትን ወፍጮ ቤት ከሰማችው ይልቅ የዚያን ቀኑ ነገር ከፋት። የሚያማት ሰው ቢያንስ ለልጆቹ ይሰጋል። ይኸኛው ግን አመስግኗት ሲሄድ ልጆቹ ማንበብ ይቻሉ አይቻሉ ግድ ሳይሰጠው ነው።

አቶ ሰጠኝ የሚባሉ የእህል ነጋዴ ልጃቸውን ይዘው የመጡትም በዚያው ሰሞን ነው። ልጅቷ ኮከብ ትባላለች፤ ከአባቷ ጀርባ አንገቷን ደፍታ ቆማለች።

«ታላቋ ጎበዝ ናት፤ እዚያው ትልቁ የመንግሥት ትምህርት ቤት ትማራለች» አሉ። «ይችኛዋ ግን አይገባትም። እጇን እንኳ ታፍታታ ብዬ ነው።»

የትናየት ልጅቷን አየቻት። ኮከብ እየሰማች ነው።

«ይህ ትምህርት ቤት የማይገባቸው ልጆች የሚጣሉበት አይደለም፣ አቶ ሰጠኝ። ትምህርቱ እንደሌላው ነው።»

«አዎ፣ አዎ፣ ገብቶኛል» ብለው፣ እንዳልገባቸው ፊታቸው እየመሰከረ፣ ልጅቷን ትተው ሄዱ።

እንዲህ እያሉ የመጡ ወላጆች ብዙ ነበሩ። ሰው ጎበዝ ያለውን ልጅ ሌላ ቦታ እየላከ፣ ተስፋ የቆረጠበትን ለእሷ ያመጣል። ከዚያም ግቢዋን እያየ «አላልኳችሁም? ሰነፎቹን ነው የምትሰበስበው» ይላል። የስምንተኛ ክፍል ፈተና መጥቶ ነገሩን ይገላግለኛል ብላ ነበር። ውጤቱ ሲወጣ አንዳንዶቹ ጥሩ አምጥተዋል፤ አብዛኞቹ እንደ ነገሩ አልፈዋል፤ የወደቁም አሉ። ከሌሎቹ ትምህርት ቤቶች የተለየ ነገር አልነበረውም። ከተማው ግን ያለፉትን «ዕድል ነው» አለ፤ የወደቁትን «መቼስ ምን ይሆናሉ!» አለ። የትናየት ያን ቀን ለአለነ «ሁሉም አንደኛ ቢወጡ ኖሮ ደግሞ ኮርጀው ነው ይሉን ነበር» አለችው። አለነ መጋዙን እየሳለ «ይሉ ነበር» አለ።

እንዲህ እያለ ነሐሴ ደረሰ። እስካሁን እዚያው እናቷ ዘንድ ስትማር የቆየችው ምስክር ከመስከረም ጀምሮ ስምንተኛ ክፍል ልትገባ ነው። የትናየት በረንዳው ላይ ልብስ ስታጥብ መጥታ በሩን ተደግፋ ቆመች።

«እማየ፣ ለከርሞ ትልቁ ትምህርት ቤት ልመዝገብ።»

የትናየት እጇን ከአረፋው ሳታወጣ ቀና አለች። «ትምህርቱ ከበደሽ?»

«አልከበደኝም።»

«መምህር አለነ ተቆጣሽ?»

«ኧረ እሱ ደግሞ ማንን ተቆጥቶ ያውቃል!»

«ታዲያ ምን ሆንሽ?»

ምስክር የበሩን ቀለም በጥፍሯ ቧጨረች። «ደክሞኛል» አለች።

«ምኑ ነው ያደከመሽ?»

«ማስረዳቱ። ሰንበት ትምህርት ቤት ስሄድ ‹ማንበብ ትችያለሽ?› ይሉኛል። መዝሙሩን አንብቤላቸው ‹ማን አስጠናሽ?› ይሉኛል። ‹ድንጋይ ተሸካሚ› የሚሉኝም አሉ። መጀመሪያ መጀመሪያ እመልስላቸው ነበር። አንዷ ሲገባት ሌላዋ ትመጣለች። እኔ እንደማንኛውም ልጅ ዩኒፎርም ለብሼ፣ ማንም ምንም ሳይጠይቀኝ መማር ነው የምፈልገው።»

የትናየት ለወፍጮ ቤቷ ሴት መልስ ነበራት። ለካህኑም ለእንግዳውም መልስ ነበራት። ልጇ ግን ስህተት አልተናገረችም፤ የተናገረችው እናቷ ስንት ጊዜ በሆዷ ያለችውን ነው። ጨርቁን ጨመቀች፤ አራገፈችና ገመዱ ላይ ሰቀለችው።

«እሺ» አለች። «ነገ ሄደን እንመዘገባለን።»

«ተቀየምሽኝ?»

«አልተቀየምኩሽም።» አልዋሸቻትም። ቅያሜ ለማሰብ እንኳ አቅም አልነበራትም።

በማግሥቱ ለአለነ ነገረችው። አለነም «መቼም ልትከለክያት አይደለም» አለ። «ልጅ ጠይቆ መልስ ያግኝ ስንል ከርመን የራሳችንን ልጅ ‹ዝም በይ› ልንላት ነው? ብቻ ይህ ከተማ አይምርሽም።»

«አውቃለሁ» አለች።

ከተማው አልማራትም። ምስክር በተመዘገበች በሳምንቱ «የራሷን ልጅ እኮ አወጣቻት! በእኛ ልጆች ነው እንዴ የምትሞክረው?» የሚል ወሬ ከመናኸሪያ እስከ ገበያ ተናኘ። አንዳንድ ወላጆች መጥተው ተሰናበቷት፤ ሌሎቹ ሳይናገሩ ልጆቻቸውን አስቀሩ። አምና በወላጆች ስብሰባ ላይ ተነሥታ ያመሰገነቻት ሴት መንገድ ላይ ስታያት ሌላ ወገን አየች። የትናየት በየቤቱ እየዞረች ላስረዳ ብላ አንድ ቀን ነጠላዋን ለበሰች። ከበሩ ስትደርስ ግን የምትለው ሁሉ አስቀድሞ ታወቃት፤ እነሱ የሚሉትም ታወቃት። ተመልሳ ተቀመጠች።

አቶ ሰጠኝ የመጡት ትምህርት ሊጀመር ሲል ነው። ኮከብን ይዘዋል። አለነ አግዳሚ ወንበሩን አቀረበላቸውና ተቀመጡ።

«መምህርት፣ ልጅሽን ማውጣትሽ እውነት ነው?»

«እውነት ነው። ራሷ ጠይቃኝ ነው።»

«ታዲያ እኔን ምን ትመክሪኛለሽ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ብዙ ትናገር ነበር። አሁን ግን ያላትን ብቻ ተናገረች። «ኮከብ ስትመጣ አታነብም ነበር። አሁን ታነባለች፤ ገና ቀስ ብላ ነው። ሒሳብ ትወዳለች። የእጅ ጽሑፏ አያምርም፤ እሱን እኛም በደንብ አልያዝነውም፤ ጥፋቱ የእኛ ነው። ከዚህ የቀረውን እሷን ይጠይቋት።»

አቶ ሰጠኝ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ይህን ለመጠየቅ ያሰቡ አይመስሉም ነበር። «ምን ይሻልሻል?»

«እዚሁ ልሁን» አለች ኮከብ።

«እንግዲህ» አሉ አባቷ ወደ የትናየት ተመልሰው፣ «እንዲህ ላለችው ልጅ ይሄው ይሻላታል ማለት ነው።»

የትናየት ልታርማቸው ፈልጋ ነበር። ይቅር፣ ልጅቷ እስከቀረች ድረስ በምንም ምክንያት ይሁን አለች በልቧ። ወዲያው ግን ዝም በማለቷ አፈረች።

«አባየ፣ እኔ ሞኝ አይደለሁም» አለች ኮከብ።

«ማን ሞኝ አለሽ?»

«አንተ ትላለህ። ለሰው ሁሉ ትላለህ። እዚህ ያመጣኸኝ ቀንም ብለሃል፤ ሰምቻለሁ።»

አቶ ሰጠኝ የልጃቸውን ፊት ትኩር ብለው አዩት። ሊቆጡም ቃጥቷቸው ነበር፤ ቁጣው አልመጣላቸውም። ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው አንሥተው አራገፉ፤ መልሰው አስቀመጡ። «እኔ ለክፋት አልነበረም» አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። ተነሥተው፣ ለአለነም ለየትናየትም እጅ ነሥተው ወጡ። ኮከብ ቀረች።

ትምህርት በተጀመረ ቀን የትናየትና ምስክር አብረው ከቤት ወጡ። ምስክር አዲሱን ዩኒፎርም ለብሳ በየአሥር እርምጃው ጉርዷን ታስተካክላለች። አስፋልቱ ጋ ሲደርሱ ጓደኞቿ ጠሯት፤ ሮጣ ተቀላቀለች። የትናየት ወደ ግቢዋ ወረደች። አምና በየዴስኩ የነበረው ጫጫታ የለም። የቀሩትን ልጆች በአንድ ክፍል ሰብስባ ትምህርቷን ጀመረች።

ዓመቱ እንደዚያው ሄደ። ለእያንዳንዱ ወላጅ ማስረዳቷን አልተወችም፤ ቃሏ ግን አጠረ። «ገብተው አንድ ቀን አብረውን ይዋሉ» ትላለች፤ የሚገባ ይገባል፣ የማይገባ ይሄዳል። ከዳባት በኩል የመጡ ሁለት ቤተሰቦች ልጆቻቸውን አስገቡ። የእጅ ጽሑፍ የሚጠናበት ሰዓት ተጨመረ። ምስክር አዲሱ ትምህርት ቤት ውስጥ መካከለኛ ውጤት አመጣች። ክፍሉ ይጨናነቃል፤ መምህሩ ስሟን አያውቀውም፤ እሷ ግን ደስ ብሏታል። የትናየት ስለዚህ ነገር ብዙ አትጠይቃትም።

በታኅሣሥ አንድ ከሰዓት ምስክር ከትምህርት ቤት ስትመለስ በግቢው በኩል መጣች። እነ ኮከብ የውኃ መውረጃ ቦይ እየቆፈሩ ነበር። ሰላም አለቻቸው፤ አልገባችበትም። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን መሥራት ጀመረች። ልጆቹ ሄደው፣ አለነም መሣሪያውን ሰብስቦ ከወጣ በኋላ እናቷ አሁንም ክፍሉን ትጠርግ ነበር።

«እማየ፣ አልጨረስሽም?»

«ገና ነኝ። አንቺ ሂጂ፣ ይበርድሻል።»

«እጠብቅሻለሁ።»

የትናየት መጥረጊያውን አስቀምጣ በሩን ቆለፈች። ምስክር የእናቷን ቦርሳ ከትከሻዋ ላይ ወሰደችላት። ከሊማሊሞ ገደል በኩል ነፋሱ እየበረታ ስለነበር ነጠላቸውን አጣፍተው ፈጠን ፈጠን እያሉ ወደ ቤታቸው ሄዱ።