በጣሪያችን ላይ የበቀለ ቆስጣ

በስደት በምንኖርበት ካትሌሆንግ ሰፈር ያለችው ሱቃችን ድሮ የመኪና ጋራዥ ነበረች። ባለቤቴ ዕቃ ሊያመጣ ጀፕ ወደሚባለው የጅምላ ገበያ ሲሄድ፣ ለደኅንነቴ ብሎ በሩን ከውጭ ይቆልፍብኛል። እኔ በብረት ፍርግርጉ በኩል ዳቦና ኤርታይም፣ የስልክ ካርድ፣ እየሸጥኩ እስኪመለስ እጠብቃለሁ። በታኅሣሥና በጥር የሲሚንቶ ጣሪያው ሲግል ትንፋሽ ያሳጥራል። ሰው ሳያየኝ የፍሪጁን በር ከፍቼ ፊቴን እከትበት ነበር።

አንድ ቀን በቀትር ከራሴ በላይ ኮቴ ሰማሁ። በዚያ ሰፈር ሌባ ጣሪያ ሰብሮ እንደሚገባ ስንቴ ተወርቷል። ባንኮኒው ሥር ተደብቄ ለባለቤቴ ደወልኩ፤ አያነሳም። ላዬ ላይ ከባድ ነገር ይጎተታል። ቢገቡብኝ በየት እወጣለሁ? ሳላስበው ጮክ ብዬ አለቀስኩ።

ኮቴው ቆመ። ትንሽ ቆይቶ የአከራያችን ፊት በፍርግርጉ ብቅ አለ። ሰባ ያለፋቸው ሴት ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ጎጎ፣ አያቴ ማለት ነው፣ ይላቸዋል። እጃቸው እስከ ክርናቸው አፈር ነው።

«ምን ሆንሽ ልጄ?»

«ሌባ መስሎኝ ነው።»

«ሳልነግርሽ ወጣሁ፣ አጠፋሁ። ግቢዬን ክፍል እየሠራሁ አከራይቼ ጨረስኩት። የምተክልበት ቦታ የቀረኝ ጣሪያው ብቻ ነው። ነይ ውጪና እዪው።»

«አልችልም። ቁልፉ ባለቤቴ ጋ ነው።»

በሩ ላይ የተንጠለጠለውን ጓጉንቸር ዞረው አዩት። «እሳት ቢነሳስ?» አሉኝ።

ማታ ለባለቤቴ፣ «ከእንግዲህ ከውስጥ የምቆልፈው እኔ ነኝ» አልኩት። «ገፍተው ቢገቡብሽስ?» አለ። ሁለት ቀን ተኳረፍን። በሦስተኛው ቀን ቁልፉን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ።

ጎጎ ፕላስቲክ አንጥፈው፣ አፈር ሞልተው ቆስጣና ሽንኩርት ተከሉ። ቅጠሉ ጣሪያውን ሲሸፍነው ክፍሏ በቀትር የምታስቀምጥ ሆነች። ዝናብ ሲመጣም እንደ ድሮው ከጣሪያው ወርዶ በር ላይ አይተኛም፤ አፈሩ ይጠጣዋል።

አንድ ጠዋት ሱቁን ቆልፌ መሰላሉን ወጣሁ። ዓይኔ እስከሚደርስበት ድረስ ቆርቆሮ ያብረቀርቃል፤ አረንጓዴው የእኛ ጣሪያ ብቻ ነው። ንቦች መጥተውበታል። እንደዚያ ሩቅ ካየሁ ስንት ጊዜዬ ነበር!

«ቁጭ በዪ እንጂ» አሉኝ ጎጎ።

ከመቀመጤ ከታች አንድ ደንበኛ «ሲሲ! ዳቦ!» ብሎ ተጣራ፤ ሲሲ እህቴ ማለት ነው። ወርጄ ገባሁና በሩን ከውስጥ ቆለፍኩ፤ ዳቦውን በፍርግርጉ አቀበልኩት።